ካንዴላውን መጠየቅ፦ የድሮ ሞተር ሳይክል ካርቡራተር በደጋ አገር እንዴት ይስተካከላል

የድሮ ሞተር ሳይክል ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን ካንዴላ ፈትቶ እያገላበጠ ያየዋል። ከጠቆረ «ነዳጅ በዝቶበታል»፣ ከነጣ «አየር በዝቶበታል» ይልና ካቻቢቴውን ያነሳል። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ካንዴላ በዋናነት የሚመሰክረው ሞተሩ ከመጥፋቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ስለነበረበት ሁኔታ ነው። በሰፈር መንገድ እየተንፏቀቀ መጥቶ በር ላይ በሚኒሞ ቆሞ የጠፋ ሞተር ካንዴላው የሚያሳየው ሚኒሞውን ነው። ስለ ዋናው ጄት ምንም አይነግርም። ስለዚህ ካንዴላ ከማንበብ በፊት ካንዴላውን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ጥያቄውም አንድ ጊዜ አንድ ብቻ መሆን አለበት።

ሁለተኛው ነገር ከፍታው ነው። የሞተሩ መመሪያ ላይ የተጻፉት የጄት ቁጥሮች ለቆላና ለባሕር ዳርቻ አገር የተመረጡ ናቸው። አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን ወይም ደሴ ላይ የሚሠራ ሞተር እነዚያን ቁጥሮች እንዳሉ ቢይዝ፣ ሁሉም ዕቃው አዲስ ቢሆን እንኳ ነዳጅ ይበዛበታል። ስለዚህ «መመሪያው ያለውን አስገብቻለሁ» ማለት እዚህ አገር ላይ በቂ አይደለም።

በምሳሌነት የያዝኩት አየር የሚያቀዘቅዘውን ባለ ሁለት ምት ያማሃ ዲቲ 125ን ነው። የዲቲ ዝርያ በ1968 እ.ኤ.አ. በዲቲ-1 የተጀመረ ሲሆን፣ እነዚህ የቀድሞዎቹ ሞተሮች ክብ ተንሸራታች ያለው የሚኩኒ ካርቡራተር አላቸው። እንደ ሆንዳ ሲጂ 125 ያለ ባለ አራት ምት ላላቸውም አሠራሩ ያው ነው፤ ልዩነት ያለበት ቦታ ላይ እጠቅሰዋለሁ።

ካርቡራተሩን ከመንካትዎ በፊት

«ካርቡራተሩ ተበላሽቷል» ተብለው ወደ ጋራዥ ከሚገቡ ሞተሮች ብዙዎቹ የካርቡራተር ችግር የለባቸውም። ደካማ እሳት ቤንዚኑን በሙሉ አያቃጥልም፤ ያልተቃጠለው ጥላሸት ሆኖ ካንዴላው ላይ ይቀመጣል። ባለቤቱም ነዳጅ የበዛ መስሎት ጄት ያሳንሳል። ከዚያ በኋላ ሁለት ብልሽት ይኖረዋል ማለት ነው።

ስለዚህ ከእሳቱ ይጀምሩ። ፑንቲናውን ከፍተው ፊቱን ይመልከቱ። ተቆፍሮ ወይም ተቃጥሎ ከሆነ ይቀይሩት። ክፍተቱ በአብዛኞቹ የጃፓን ሞተሮች ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ክፍተቱ ሲቀየር ታይሚንጉም አብሮ ስለሚቀየር መጀመሪያ ክፍተቱን፣ ቀጥሎ ታይሚንጉን ያስተካክሉ። የካንዴላውን ቆብ ከገመዱ ነቅለው የገመዱን ጫፍ ይዩ፤ አረንጓዴ ዝገት ካገኙበት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጠው መልሰው ይሰኩት። ብዙ ጊዜ የጠፋውን እሳት የሚመልሰው ይቺ ቁራጭ ሥራ ናት።

ቀጥሎ የአየር ማጣሪያውን ያጽዱ። ስፖንጅ ከሆነ በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በዘይት ርሶ፣ በደንብ ተጨምቆ ይገባል። ማጣሪያውን አውጥተው ሞተሩን አያስተካክሉ። መልሰው ሲገጥሙት ያደረጉት ሁሉ ይዛባል። ባለ ሁለት ምት ከሆነ የማርሚታውን የውስጥ ቧንቧ አውጥተው ካርቦኑን ይጥረጉ፤ የጭስ መውጫው የጠበበ ሞተር በየትኛውም ጄት አይስተካከልም። ባለ አራት ምት ከሆነ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የቫልቩን ክፍተት መመሪያው እንደሚያዘው ያድርጉ።

የአየር ማምለጥን በተለይ አይለፉት። ካርቡራተሩን ከሲሊንደሩ ጋር የሚያገናኘው ጎማ ከዕድሜ ብዛት ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ብዙ ጊዜ ከታች በኩል ስለሆነ አይታይም። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ በጎማውና በጓርኒሲዮኑ ዙሪያ በሳሙና የተበጠበጠ ውሃ ይርጩ። የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ አየር እየሳበ ነው። ቤንዚን ወይም ሌላ የሚቃጠል ነገር ለዚህ አይጠቀሙ፤ ማርሚታው እዚያው አጠገብ ግሎ ቆሟል። በባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ የክራንኩ ጎማ ማኅተምም ይታያል። በማግኔቱ በኩል ያለው ሲያረጅ ሞተሩ አየር ይስባል፤ በማርሽ በኩል ያለው ሲያረጅ ደግሞ የማርሽ ዘይት ይስብና ነጭ ጭስ ያለማቋረጥ ያወጣል። ይህንን ጄት አያድነውም።

ካርቡራተሩን ፈትቶ ማጽዳት

ካርቡራተሩን ያውጡ፤ ከታች ያለውን ጽዋ ፈትተው በነጭ ጨርቅ ላይ ይገልብጡት። ውሃ፣ ዝገት ወይም ከላስቲክ ቧንቧ የተሸራረፈ ጥቁር ቅንጣት ካዩ ችግሩ ሰርባትዮው ውስጥ ነው፤ ሰርባትዮው ሳይታጠብ ካርቡራተር ማጠብ ከንቱ ድካም ነው።

ጄቶቹን በልካቸው በሆነ ካቻቢቴ ይፍቱ። ናስ ለስላሳ ነው፤ ጠባብ ካቻቢቴ ጎድጎዱን ይበላዋል። የሚኒሞዋ ጄት ቀዳዳ ከሁሉም የቀጠነች ናት። ወደ ብርሃን አድርገው ሲያዩዋት ፍጹም ክብ የሆነ የብርሃን ነጥብ ማየት አለብዎት፤ ነጥቡ ግማሽ ጨረቃ መስሎ ከታየ ውስጧ የደረቀ ቤንዚን አለ። የካርቡራተር ማጽጃ ውስጥ አሳድረው በኮምፕረሰር አየር ይንፉባት። ካስፈለገ የናይለን የዓሣ ማጥመጃ ክር ያሳልፉ። ሽቦ ግን በፍጹም አይክተቱ። ሽቦ ቀዳዳውን ሲያሰፋ ቁጥሩ ላዩ ላይ እንዳለ ይቀራል፤ እርስዎም ጄቱ 25 ነው ብለው እያመኑ 30 ይዘው ይዞራሉ።

በዚህ አጋጣሚ ሦስት ነገሮችን በጣት ጥፍርና በዓይን ይመርምሩ። አንደኛ፣ ተንሳፋፊው የሚዘጋው የነዳጅ መርፌ ጫፉ ላይ ክብ ጎድጓዳ ምልክት ካለው አዲስ ያስገቡ፤ አለበለዚያ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ቤንዚን ይፈስሳል። ሁለተኛ፣ የተንሳፋፊው ከፍታ በመመሪያው ልክ መሆኑን ይለኩ፤ ሲለኩ መላሱ የነዳጁን መርፌ ነክቶ፣ ነገር ግን የመርፌዋን ስፕሪንግ ሳይጫን መሆን አለበት። የቤንዚኑ ከፍታ ከተዛባ ከሚኒሞ እስከ ሙሉ ነዳጅ ድረስ ያለው ሁሉ አብሮ ይዛባል። ሦስተኛና በድሮ ሞተር ላይ ከሁሉ የሚረሳው፣ ረጅሙ መርፌና መርፌው የሚገባበት የናስ ቱቦ ነው። መርፌው ለብዙ ዓመታት ቱቦውን እየፋቀ ክቡን ቀዳዳ ወደ እንቁላል ቅርጽ ይለውጠዋል። እንዲህ ያለ ሞተር በሚኒሞም በሙሉ ነዳጅም ደህና ሆኖ መሐል ላይ ግን ያንቃል፣ ይጠቁራል፣ ቤንዚን ይበላል። መርፌውን ዝቅ ማድረግ ለጥቂት ጊዜ ያስታግሰዋል እንጂ አያድነውም። መርፌውንና ቱቦውን አንድ ላይ ይቀይሩ።

ከመገጣጠምዎ በፊት እያንዳንዱ ጄት ላይ ያለውን ቁጥርና መርፌው ላይ ያለችው ክሊፕ በስንተኛው ጎድጎድ ላይ እንዳለች ደብተር ላይ ይጻፉ። ጎድጎዶቹ የሚቆጠሩት ከላይ ወደ ታች ነው።

እጀታው ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር

አንዱ ክፍል ከሌላው ጋር እንዳይምታታብዎ፣ በነዳጅ መስጫው እጀታ ላይ ነጭ ፕላስተር ይለጥፉ፤ ከጎኑ ባለው ቋሚ ክፍል ላይ አንድ መስመር ያስምሩ። ነዳጅ መስጫው ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ፣ አንድ ስምንተኛ፣ አንድ አራተኛ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛና ሙሉ ሲከፈት ፕላስተሩ ላይ ምልክት ያድርጉ። ከዚህ በኋላ «ሲሄድ ያንቃል» አይሉም፤ «ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ባለው ላይ ያንቃል» ይላሉ። ጥፋተኛው ዕቃ በዚያው ይታወቃል።

ነዳጅ መስጫው ከዝግ እስከ አንድ ስምንተኛ ሲሆን ትእዛዙ የሚኒሞ ጄትና የጎን ብሎኗ ነው። ከዚያ እስከ አንድ አራተኛ ተንሸራታቹ ከታች በአየር መግቢያው በኩል የተቆረጠበት ልክ ይገባበታል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን አየር ይበዛል፤ ግን ይህን ክፍል መቀየር የሚያስፈልገው አልፎ አልፎ ነው። ከአንድ አራተኛ እስከ ሦስት አራተኛ ያለው የመርፌው ግዛት ነው። ከዚያ በላይ ዋናው ጄት ይገዛል። ድንበሮቹ ይደራረባሉ፤ ቢሆንም ለሥራ ይበቃሉ።

ቅደም ተከተሉ ላይ ሊቃውንቱ ራሳቸው አይስማሙም። እኔ በአሮጌ ሞተር ላይ ከዋናው ጄት መጀመርን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ፒስተን የሚያቀልጠው እዚያ ያለው ስህተት ነው። ነገር ግን ሞተሩ መንገድ ላይ ሊወጣ እንዲችል መጀመሪያ ሚኒሞው በግርድፉ መያዝ አለበት።

ሚኒሞ

ሞተሩን አሥር ደቂቃ ያህል ነድተው በደንብ ያሙቁት። ቾኩ ሙሉ በሙሉ መመለሱን ያረጋግጡ። አሁን የጎን ብሎኗ የት በኩል እንዳለች ይመልከቱ፤ ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ብሎኗ በአየር ማጣሪያው በኩል ካለች የምትቆጣጠረው አየር ነው፤ ወደ ውጭ ሲፈቷት አየር ይጨምራል። በሞተሩ በኩል ካለች የምትቆጣጠረው ነዳጅ ነው፤ ወደ ውጭ ሲፈቷት ነዳጅ ይጨምራል። በሚኩኒው ዲቲ ላይ ያለችው የአየር ናት።

ብሎኗን ቀስ ብለው እስክትነካ ያስገቡ። አያጥብቋት፤ ጫፏ ሾጣጣ ስለሆነ መቀመጫዋን ቆርጣ ታበላሸዋለች። ከዚያ አንድ ዙር ተኩል ይፍቱ። ሞተሩን አስነስተው ተንሸራታቹን ከፍና ዝቅ በሚያደርገው ብሎን ከተለመደው ጥቂት ከፍ ያለ ሚኒሞ ይስጡት። የአየሯን ብሎን በሩብ ዙር እያንቀሳቀሱ፣ ከእያንዳንዱ ሩብ በኋላ ጥቂት እየጠበቁ ያዳምጡ። ሞተሩ ከሁሉ ፈጥኖና ተስተካክሎ የሚዞርበት አንድ ቦታ አለ። እዚያ ላይ ያቁሙና ሚኒሞውን በተንሸራታቹ ብሎን ዝቅ ያድርጉ። ብዙዎቹ ትናንሽ ሞተሮች በደቂቃ ከ1,200 እስከ 1,400 ዙር አካባቢ ይመቻቸዋል። ሚኒሞው ከወረደ በኋላ የአየሯን ብሎን አንድ ጊዜ ደግመው ይሞክሩ።

የብሎኗ ቦታ ራሱ ይናገራል። ሞተሩ ደስ የሚለው ብሎኗ ከግማሽ ዙር በታች ስትፈታ ከሆነ የሚኒሞዋ ጄት አንሳለች። ከሁለት ዙር ተኩል በላይ የሚጠይቅ ከሆነ ጄቷ ትልቅ ናት፤ በደጋ የሚያጋጥመው ብዙ ጊዜ ይህኛው ነው። የነዳጅ ብሎን ባለው ካርቡራተር ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ነዳጅ ድንገት ሲሰጡት ሞተሩ ትንፋሹ ተቆርጦ የሚጠፋ ከሆነ ነዳጅ አንሶታል፤ እያጉረመረመና ጥቁር እየተፋ የሚነሳ ከሆነ በዝቶበታል።

ዋናው ጄትና የካንዴላው ፈተና

አሁን ካንዴላውን የምንጠይቅበት ቦታ ደረስን። መጀመሪያ ግን ካንዴላው ራሱ ትክክለኛው መሆን አለበት። ለምሳሌ ኤንጂኬ ቢ8ኢኤስ የሚል ካንዴላን ይውሰዱ፦ ቢ ማለት ጥርሱ 14 ሚሊ ሜትር ነው፤ 8 የሙቀት ቁጥሩ ነው፤ ኢ ማለት የጥርሱ ርዝመት 19 ሚሊ ሜትር ነው። በዲ የሚጀምረው፣ ለምሳሌ ብዙ ትናንሽ ሆንዳዎች የሚጠቀሙበት ዲ8ኢኤ፣ ጥርሱ 12 ሚሊ ሜትር ነው። በኤንጂኬ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ቀዝቃዛ ይሆናል፤ ማለትም ሙቀቱን ወደ ሲሊንደሩ ክዳን ቶሎ ያሳልፋል። በቦሽና በቻምፒዮን ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ይሞቃል። ሻጭ «ይህም ያው ነው» ብሎ የሌላ ፋብሪካ ሲሰጥዎ ቁጥሩን ብቻ አይተው አይቀበሉ። የካንዴላው ጫፍ ጥላሸቱን ራሱ እንዲያቃጥል ቢያንስ 450 ወይም 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት፤ ከ850 አካባቢ ካለፈ ደግሞ ከእሳቱ ሰዓት በፊት ድብልቁን ራሱ ማቀጣጠል ይጀምራል። መመሪያው ያዘዘው ቁጥር የተመረጠው በእነዚህ መካከል እንዲውል ነው። የካርቡራተርን ስህተት በካንዴላ ሙቀት ለመሸፈን አይሞክሩ።

አዲስ ካንዴላ ኪስዎ ውስጥ፣ አሮጌው ሞተሩ ላይ ሆኖ ይውጡ። መኪና የማይበዛበት፣ ቀጥ ያለ፣ ቀለል ያለ ዳገት ያለው አስፋልት ይምረጡ። ዳገቱ የሚፈለገው ፍጥነት ሳይበዛ ሞተሩ ጭነት እንዲይዝ ነው። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ያቁሙና አዲሱን ካንዴላ ይግጠሙ። አስነስተው ሳይቆዩ ይነሱ፤ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ከፍተው ዳገቱን ይውጡ። ከዚያ ፍሪሲዮን መያዝ፣ ሞተሩን በማጥፊያው ማጥፋትና ነዳጅ መስጫውን መዝጋት በአንድ ቅጽበት መሆን አለባቸው። ሞተሩ አንድም ጊዜ በሚኒሞ እንዳይዞር። በተንሸራተተበት ዳር ይዘው ያቁሙና ካንዴላውን ይፍቱ። ጓንት ይልበሱ፤ በጣም ይግላል።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ፈተና በጆሮና በወንበር ይደረጋል። ሙሉ ነዳጅ ሰጥተው ሲወጡ ነዳጅ መስጫውን ጥቂት ብቻ ይመልሱት። ሞተሩ ኃይል የጨመረ ከመሰለዎት ዋናው ጄት አንሷል፤ ወዲያው ያቁሙና ጄት ያሳድጉ። ሲመልሱት የሚያጉረመርመው ጠፍቶ ጠርቶ የሚዞር ከሆነ ደግሞ ጄቱ በዝቷል። ጥርጣሬ ካለብዎ ሁልጊዜ ከትልቅ ጄት ጀምረው ወደ ትንሽ ይውረዱ። ነዳጅ የበዛበት ሞተር ካንዴላ ያበላሻል፤ ነዳጅ ያነሰው ሞተር ፒስተን ይበላል።

ካንዴላውን በአጉሊ መነጽርና በባትሪ ብርሃን ይመልከቱት። በእጅ ስልክ ፎቶ አንስቶ ማጉላትም ይሠራል። ሦስት ቦታ ለየብቻ ይነበባል።

የመጀመሪያው የብረቱ አፍ ነው፤ ማለትም ከጥርሱ ጫፍ ላይ ያለው ክብ ጠርዝ። ይህ ሚኒሞንና ዝቅተኛ ነዳጅን ይናገራል። ቀለል ያለ ጥቁር ጥላሸት ቢኖርበት ደህና ነው። የሚወፍርና በጣት የሚነሳ ከሆነ የሚኒሞ ክፍሉ በዝቶበታል። ጥላሸቱ ወይም የሙቀቱ ቀለም ከአንድ ሁለት ጥርስ አልፎ ብዙ ጥርስ ላይ ከወረደ ካንዴላው ምናልባት ሞቃት ነው፤ ጠርዙን እንኳ በወጉ ሳይይዝ ከቀረ ቀዝቃዛ ነው።

ሁለተኛው ከላይ የታጠፈው ጎን ብረት ነው። ሙቀቱ ብረቱ ላይ ቀለም የሚለውጥበት መስመር ይተዋል። መስመሩ እጥፋቱ አካባቢ ከሆነ ታይሚንጉና የሙቀት ቁጥሩ ተስማምተዋል። ወደ ጫፉ ከተጠጋ እሳቱ ዘግይቷል ወይም ካንዴላው ቀዝቃዛ ነው፤ ወደ ሥሩ ከወረደ እሳቱ ቀድሟል ወይም ካንዴላው ሞቃት ነው። ይህን የሚያነቡ ጥቂቶች ናቸው፤ ሆኖም ታይሚንጉ የተዛባ ሞተር ላይ ጄት እየቀያየሩ ቀን ከማባከን ያድናል።

ሦስተኛውና ስለ ዋናው ጄት የሚናገረው ነጩ ሸክላ ነው፤ ግን ጫፉ ሳይሆን ሥሩ። ሸክላው ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት ጥልቅ ቦታ ላይ ዙሪያውን የሚከብ ቀለበት ይፈልጉ። ጫፉ ስለሚግል ጥላሸቱን ያቃጥላል፤ ሥሩ ግን ቀዝቀዝ ስለሚል የድብልቁን ቀለም ይይዛል። ቀለበቱ የማኪያቶ ቀለም ይዞ ቀጭን ሆኖ ከታየ ጄቱ ልክ ነው። ሰፊና ጥቁር ከሆነ በዝቷል። ቀለበት ጨርሶ ከሌለና ሸክላው እስከ ሥሩ ብርጭቆ መስሎ ከነጣ አንሷል። እሽቅድምድም ላይ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ቀለበት በደንብ ለማየት የካንዴላውን ጥርስ በመጋዝ ቆርጠው ያወጡታል፤ ለእርስዎ ጠባብ ብርሃን የሚሰጥ ባትሪ ይበቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የቆዩ መጻሕፍት ላይ ያለው «ቡናማ መሆን አለበት» የሚለው ሕግ የተጻፈው ቤንዚን እርሳስ በነበረበት ዘመን ነው። የዛሬው ቤንዚን ሸክላውን ያን ያህል አያቀልምም፤ ጫፉ ነጣ ብሎ ሞተሩ ፍጹም ደህና ሊሆን ይችላል። የአንድ ዳገት ሩጫም ቀለበቱን ሁልጊዜ አያወጣውም፤ ደብዛዛ ከሆነ ያንኑ ካንዴላ መልሰው ፈተናውን ይድገሙ እንጂ በግምት ጄት አይቀይሩ።

ከሥርዓቱ ውጭ የሚታዩ ምልክቶችም አሉ። እርጥብና የሚያብለጨልጭ ጥቁር ዘይት ነው፤ በባለ አራት ምት ላይ ፋሻን ወይም የቫልቭ ጎማን፣ በባለ ሁለት ምት ላይ የዘይት ፓምፑን ወይም የክራንኩን ማኅተም ይጠርጥሩ። ደረቅና ለስላሳ ጥቁር ነዳጅ መብዛትን ወይም ደካማ እሳትን ያሳያል። ሸክላው ላይ ጥቃቅን ብር የሚመስሉ ነጠብጣቦች ካዩ ግን ሞተሩን አያስነሱት። ያ ከፒስተኑ የቀለጠ አሉሚኒየም ነው። ጄቱን፣ ታይሚንጉን፣ አየር ማምለጡንና ዘይቱን ሳያጣሩ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይንዱት።

ጄት ሲቀይሩ በአንድ ደረጃ ብቻ ይቀይሩ፤ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ፈተናውን ይድገሙ። የጄት ቁጥር በየፋብሪካው ትርጉሙ ይለያያል። የኬሂን ዋና ጄት ቁጥር የቀዳዳውን ስፋት በመቶኛ ሚሊ ሜትር ይናገራል፤ በእንግሊዝ ሞተሮች ላይ ያለው የአማል ቁጥር ግን በደቂቃ የሚያልፈውን ፈሳሽ መጠን ነው። የአንዱን ቁጥር በሌላው መተካት አይቻልም።

የመርፌው ቦታ

ዋናው ጄት ከተስተካከለ በኋላ መርፌው ቀላል ነው። በግማሽ ነዳጅ ላይ ሞተሩ የሚያንቅና የሚያጉረመርም ከሆነ ክሊፑን አንድ ጎድጎድ ወደ ላይ ያውጡ፤ መርፌው ዝቅ ይላል፤ ነዳጅ ይቀንሳል። የሚንገታገትና በአንድ ፍጥነት ሲነዱ ወደፊት ወደኋላ የሚጎትት ከሆነ ክሊፑን አንድ ጎድጎድ ያውርዱ፤ መርፌው ከፍ ይላል፤ ነዳጅ ይጨምራል። በከተማ ውስጥ የሚነዳ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚኖረው በዚህ ክፍል ላይ ስለሆነ፣ የቤንዚን ወጪ የሚቀንሰው እዚህ ነው። ፈተናው ያው ነው፦ ነዳጅ መስጫውን ግማሹ ምልክት ላይ ይዘው ጥቂት ይንዱ፤ በአንድ ቅጽበት ያጥፉ፤ ያንብቡ።

ዘይት ከቤንዚን ጋር ለሚቀላቅሉ ደግሞ፦ ዘይት መጨመር ሞተሩን ይጠብቃል ብለው በዘፈቀደ አያበዙ። ዘይቱ በዛ ማለት በዚያው ጄት የሚያልፈው ቤንዚን አነሰ ማለት ነው። መጠኑን አንድ ጊዜ ወስነው ከዚያ ጄት ይምረጡ።

ደጋና ቆላ

ካርቡራተር አየሩን የሚለካው በመጠኑ ነው፤ ክብደቱን አያውቅም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ይልቅ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ጄቱ የሚያሳልፈው ቤንዚን ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። ውጤቱ ድብልቁ ላይ ከመቶ 12 ያህል የሚበልጥ ነዳጅ ነው። ከዚህ የሚከተለው ስሌት በሥራ የሚረዳ ነው። ቁጥሩ በፍሰት ለሆነ ጄት ከመቶ 11 ያህል ይቀንሱ፤ 200 የነበረው 180 አካባቢ ይሆናል። ቁጥሩ በቀዳዳ ስፋት ለሆነ ጄት ከመቶ 6 ያህል ይበቃል፤ 100 የነበረው 95 ይሆናል። ልዩነቱ የመጣው የቀዳዳው ስፋት ትንሽ ሲቀንስ የሚያልፈው ነዳጅ ብዙ ስለሚቀንስ ነው። መርፌውም አንድ ጎድጎድ ዝቅ ሊል፣ የሚኒሞ ጄትም በአንድ ደረጃ ሊያንስ ይችላል። ይህ ሁሉ መነሻ ነው፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ካንዴላው ነው። ጄት ማስተካከል የጠፋውን የከፍታ ኃይል በሙሉ ይመልሳል ብለውም አይጠብቁ። አየሩ ያነሰ ሞተር ኃይሉም ያንሳል። የሚመለሰው በነዳጅ መብዛት ታፍኖ የነበረው ነው።

አደጋው ያለው በመውረድ ላይ ነው። ለአዲስ አበባ በጥንቃቄ ተስተካክሎ አዋሽ ላይ ፒስተኑ የያዘ ዲቲ አይቻለሁ፤ ፒስተኑ በማርሚታው በኩል ከላይ እስከ ታች ተፍቆ፣ ፋሻው በቀለጠ አሉሚኒየም ተጣብቆ ነበር። አዋሽ ከ1,000 ሜትር በታች ነው። ለ2,400 ሜትር የተመረጠ ጄት እዚያ ሲደርስ ከመቶ 7 ያህል ነዳጅ ያንሰዋል፤ በዚያ ላይ ጠፍጣፋ መንገድ፣ የቀን ሙቀትና ለረጅም ጊዜ የተከፈተ ነዳጅ መስጫ ይጨመራል። እስከ አዳማ ድረስ ልዩነቱ ግማሽ ያህል ነው፤ በልኩ የተነዳ ሞተር ይችለዋል። ከዚያ ወደታች ለሚቀጥል ግን ጄት መቀየር ግዴታ ነው ባይ ነኝ፤ በተለይ ለባለ ሁለት ምት።

የዓባይ በረሃ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ተወርዶ ወደ ደጀን መልሶ ይወጣል። ብዙ ሰው የሚፈራው ቁልቁለቱን ነው፤ ለካርቡራተሩ አስቸጋሪው ግን ከድልድዩ ወዲያ ያለው የመጀመሪያው ዳገት ነው። አየሩ ከመንገዱ ሁሉ የወፈረው፣ ሙቀቱ የበረታው፣ ሞተሩም ሙሉ ጭነት የሚሸከመው እዚያ ላይ ነው። ለደጋ የተስተካከለ ሞተር የያዘ ሰው ያንን ዳገት በዝቅተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ መስጫውን ከግማሽ ብዙ ሳያሳልፍ ይውጣ። ቁልቁለቱ ላይም ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀልለት ባለ ሁለት ምት ነዳጅ መስጫው ተዘግቶ ለረጅም ጊዜ በማርሽ ብቻ አይያዝ፤ ነዳጅ በቆመበት ዘይትም ይቆማልና፣ በየጥቂቱ ፍሪሲዮን ይዘው ነዳጅ ይስጡት።

ወደ ቆላ የሚሄድ ሰው ከመነሳቱ በፊት ለቆላው የሚሆነውን ጄት አስገብቶ ቢወጣ ይሻላል። በደጋው ክፍል ላይ ሞተሩ ጥቂት ይጠቁራል፣ ትንሽ ይንቀራፈፋል፤ ግን ይደርሳል። በደጋው ጄት ወጥቶ መንገድ ላይ እቀይራለሁ የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ «እስከሚቀጥለው ከተማ» እያለ ሳይቀይር ይቀራል።

ሁለት ካርቡራተር ላላቸው

እንደ ትራያምፍ ቦንቪል ወይም እንደ ሆንዳ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተሮች ሁለት ካርቡራተር ላላቸው፣ ከላይ ያለው ሁሉ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ለየብቻ ይሠራል፤ ካንዴላዎቹም በየራሳቸው ይነበባሉ። የሚጨመረው ሁለቱን ማመሳሰል ነው። የአየር ማጣሪያዎቹን አውጥተው ሁለቱን ተንሸራታቾች በጣት እየነኩ ነዳጅ መስጫውን ቀስ ብለው ይክፈቱ፤ ሁለቱ በአንድ ቅጽበት መነሳት አለባቸው። ካልተነሱ በገመዱ ማስተካከያ ያመጣጥኑ። ከዚያ ማጣሪያዎቹን መልሰው፣ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ የሁለቱን ማርሚታ ትንፋሽ በእጅ መዳፍ ከሩቅ ያመዛዝኑ። የቫኩም መለኪያ ካለ የበለጠ ጥሩ ነው፤ ሳይመሳሰሉ ግን ካንዴላ ማንበብ ትርጉም የለውም፤ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ስለሚሄድ።

ካንዴላውን መልሰው ሲገጥሙ

የሲሊንደሩ ክዳን አሉሚኒየም ነው፤ ጥርሱ ከተበላ ከጄት ሁሉ የከበደ ወጪ ያመጣል። ካንዴላውን ሁልጊዜ መጀመሪያ በጣት እስከ መጨረሻው ያስገቡ፤ በጣት ካልገባ ተጣሞ ነው። አዲስ ካንዴላ ሮንዴላው ገና ስላልተጨመቀ በጣት ከጠበቀ በኋላ በቁልፍ ግማሽ ዙር ይጨምሩ። አንድ ጊዜ የተገጠመ ካንዴላ ከሆነ ከአንድ ዙር አሥራ ሁለተኛው ክፍል ይበቃዋል፤ ይኸውም በሰዓት መልክ ላይ ከአንዱ ቁጥር እስከሚቀጥለው ያለው ርቀት ነው። ሞተሩ ገና በጋለበት ጊዜ አያጥብቁ፤ ይቀዝቅዝ።

በመሣሪያ ቦርሳዎ ውስጥ የሚከተሉት ይኑሩ፦ አሁን ካለው በአንድና በሁለት ደረጃ የሚበልጡ ዋና ጄቶች፣ አንድ ሚኒሞ ጄት፣ የጄቱ ልክ የሆነ ካቻቢቴ፣ የካንዴላ ቁልፍና ክፍተቱ አስቀድሞ የተለካ አዲስ ካንዴላ። ጄቶቹን በየፊናቸው በትናንሽ ፕላስቲክ አድርገው ቁጥራቸውን በላያቸው ላይ ይጻፉባቸው፤ ጽዋውን ሲፈቱም ከታች ጨርቅ ያንጥፉ፤ ጄት አፈር ላይ ከወደቀ አይገኝም።